በደከመ ድንጋይ የተማረው ዜማ

ከከሚሴ መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ባጃጆች ተሳፋሪ ከሚሻሙበት ጥግ፣ ትከሻ ለትከሻ የተደጋገፉ ሁለት የቆርቆሮ ሱቆች አሉ። የግራው የልብስ ሰፊው የባንተይርጋ ነው፤ የቀኙ የሬዲዮ ጠጋኙ የዘይኑ። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ አንድ ነጠላ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው "ይማርህ" ይላል፤ አንዱ ከደንበኛ ሲጨቃጨቅ ሌላው ማዶ ሆኖ ይፈርዳል። እንዲህ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል።

ዘይኑ አምሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ረዘም ያለ፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ቀን ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ቻርጀርና ድምፅ ማጉያ ይጠግናል። የመስጊዱም ማጉያ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ማጉያ ሲታመም የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ከዐስር ሰላት መልስ ግን፣ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ስትል፣ የሱቁን መዝጊያ ቆርቆሮ ወደ ታች ይጎትትና ከውስጥ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ጀርባ በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ጊታር ይወጣል። መንገደኛ ሱቁ የተዘጋ ይመስለዋል። ባንተይርጋ ብቻ የስፌት መኪናውን አቁሞ ጆሮውን ለቆርቆሮው ይሰጣል።

የሚሰማው ዜማ ይኼ ነው ተብሎ የሚጠራበት ስም የለውም። ጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ የሚሉት እንጉርጉሮ ነው እንዳይባል፣ የወሎ መንዙማ ይሸታል፤ መንዙማ ነው እንዳይባል፣ የባሕር ማዶ ሆድ ብሶት አለበት። ዘይኑ አንድ መስመር በአፉ ያንጎራጉራል፤ ጊታሩ ይቀበለዋል። ያንኑ መስመር ይደግማል፤ ጊታሩም ደግሞ ይቀበለዋል። በሦስተኛው መስመር ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ከዚያ ዘይኑ እጁን ከክሩ ላይ ያነሣና ጥቂት ዝም ይላል፤ አንድ ሰው የሚጠብቅ ይመስል። በዚያች ዝምታ መካከል ባንተይርጋ በመቀሱ እጀታ የስፌት ጠረጴዛውን ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።

"አንተ ሰው" ይለዋል ባንተይርጋ በቆርቆሮው በኩል፣ "ይኼን ነገር አንድ ቀን እንኳ በብርሃን ብትጫወተው ምን ትሆናለህ?"

"ጨለማ ውስጥ ነኝ እንዴ? አምፖል አለኝ።"

"የሰው ዓይን አልኩህ እንጂ አምፖል መቼ አልኩህ?"

"ለሰው የሚሆን አይደለም" ይልና ዘይኑ ይዘጋዋል።

ነገሩ ግን እንዲያ አልነበረም። ከልጁ ከፋይዛ ጤና ቀጥሎ ዘይኑ በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ቢኖር፣ በተወለደባት ከተማ፣ በሚያውቁት ሰዎች ፊት፣ አንዴ ብቻ ይኼን ዜማ ከመነሻው እስከ መድረሻው መጫወት ነበር። አሁን አሁን ደግሞ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጠዋት ጠዋት እንደ ዛገ ማጠፊያ አልታጠፍ ትለው ጀምራለች። "ዘንድሮ ካልሆነ ለከርሞ እንጃ" ይላል ለራሱ። ይልና ደግሞ ደሴን ያስታውሳል። ደሴን ባስታወሰ ቁጥር የሱቁን ቆርቆሮ ጥቂት ይበልጥ ወደ ታች ይጎትተዋል።

ከደሴው ነገር ግን የካሴቱ ይቀድማል።

ዘይኑ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ እናቱ ረቢአ በዋናው መንገድ ዳር ለሾፌሮች ምግብ ትሸጥ ነበር። በዚያን ዘመን ከአሰብ ወደብ ጭነው የሚመጡ መኪኖች በባቲና በኮምቦልቻ አድርገው፣ ከሚሴን ረግጠው ነበር ወደ አዲስ አበባ የሚያልፉት። ወንድማገኝ የሚባል አንድ ሾፌር ወባ ጣለውና ረቢአ ሰባት ቀን አስታማ አዳነችው። በሚቀጥለው ጉዞው ለምስጋና ብሎ አንድ ቴፕ ይዞላት መጣ፤ ውስጡ አንድ ካሴት አለ። ካሴቱን አሰብ ላይ ከአንድ መርከበኛ በሲጋራ ለውጦ ነው ያገኘው። ላዩ ላይ የነበረው ጽሑፍ በላብና በናፍጣ ተፍቆ የዘፋኙ ስም አይነበብም።

ረቢአ ቴፑን ለልጇ ሰጠችው። ዘይኑ ሲከፍተው፣ የወፈረና የደከመ የሰው ድምፅ ከጊታር ጋር ሲነጋገር ሰማ። ሰውዬው ከሚለው አንድም ቃል አልገባውም። ቅኝቱን ግን እንደ ዘመድ ወዲያው ለየው። እዚሁ አገር ባቲ የምንለው ቅኝት ነው፤ ገበያተኛ ከግመሉ ኋላ ሆኖ የሚያንጎራጉርበት።

"ጋሼ ወንድማገኝ፣ ይኼ ሰውዬ የባቲ ሰው ነው?" አለው፣ ሾፌሩ ደግሞ ሲያልፍ።

ወንድማገኝ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ "እንዴታ" አለ። "አያቱ ባቲ የታወቀ የግመል ነጋዴ ነበር። አሰብ ጨው ሊገዛ ወርዶ መርከብ ላይ እንቅልፍ ጣለውና እዚያው ማዶ ቀረ።"

ዘይኑ ይኼን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ አምኖት ኖሯል። ለሰውም ነግሯል።

ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ስድስት ድንጋይ ይውጣል። አዲስ ድንጋይ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ድንጋዩ ሲደክም ከቴፑ ውስጥ ያወጡትና እንደ በርበሬ ጣራ ላይ ፀሐይ ያሰጡታል። የከሚሴ ፀሐይ አይለግምም፤ ድንጋዩ አመሻሹ ላይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ያም ነፍስ ሲያልቅ በማግሥቱ እንደገና ጣራ ላይ ይወጣል። ዘይኑ ያን ካሴት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሰማው ፀሐይ በተሰጣ ድንጋይ ነው።

በቀበሌው የኪነት ቡድን አዳራሽ አንድ ጊታር ነበር። ዘይኑ አዳራሹን እጠርጋለሁ ብሎ ቁልፍ ተቀበለ። ቴፑን ወንበር ላይ፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያደርግና፣ የጊታሩ ክሮች ከካሴቱ ሰውዬ ድምፅ ጋር እስኪገጥሙለት ድረስ አላላቸው። ከዚያ ጣቱ እስኪደማ ተማረ። አንድ ነገር ግን ከካሴቱ ሳይሆን ከእናቱ ወሰደ። ረቢአ ሐሙስ ሐሙስ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዱአ ትቀመጣለች፤ መንዙማ የምታወጣውም እሷ ነች። ረቢአ አንዱን ቃል ጎትታ፣ ጎትታ ስታወርደው፣ ሴቶቹ በጭብጨባ ይቀበሏታል። ዘይኑ ያን የእናቱን አጎታተት በክሩ ላይ አስገባው፤ ለሴቶቹ ጭብጨባ የሚሆነውንም ቦታ ሳያውቀው ባዶ ተወው።

አንድ ቀን ረቢአ በአዳራሹ በር ስታልፍ ቆማ ሰማችው።

"ሱታ" አለችው በኦሮምኛ፤ ቀስ በል ማለቷ ነው። "ሱታ፣ ልጄ። ይኼ ተቸኩሎ የሚደረስበት አይደለም። ዱአ ይመስላል።"

ስለ ጊታሩ በዕድሜዋ የተናገረችው ይኼንኑ ብቻ ነው።

ካሴቱን በሁለተኛው ዓመት ቴፑ በላው። ክሩ ተዝረክርኮና ተበጣጥሶ ወጣ፤ የቀረው በዘይኑ ጣቶች ውስጥ ያለው ብቻ ሆነ። መንግሥት ሲለወጥ የኪነት ቡድኑ ተበተነ፤ ጊታሩንም የሚጠይቅ ጠፋና ዘይኑ ቤቱ ወሰደው። ክር ሲበጠስበት የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ሽቦ ፈትቶ፣ ከውስጡ አንዷን ቀጭን ዘለላ መዝዞ ይወጥርበታል።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ሲሞላው ነው ደሴ ላይ አንድ የሙዚቃ ቡድን ተጫዋች ይፈልጋል የሚል ወሬ የሰማው። ጊታሩን ታቅፎ ሄደ። የቡድኑ መሪ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ "በል፣ ከእኔ ጋር ግባ" አለው። ዘይኑ ገባ። ሁለቱ ድምፆች ሲገናኙ ጠርሙስ በምጣድ ላይ እንደመፋቅ ያለ ነገር ሆነ።

"ጊታርህ ወድቋል። ወደ ኪቦርዱ አንሣው" አለ መሪው።

ዘይኑ ጠመዘዘው። ገና ነው አለው። አሁንም ጠመዘዘ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠመዝዝ የፍሪሲዮኑ ሽቦ ተበጥሶ ግራ ጉንጩን ገረፈው። ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ "ወንድም፣ ጊታር ነው ፍሬን?" አለው። ደሙን በነጠላው ጫፍ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይኑ ስለ ራሱ አንድ ነገር አወቀ፤ ከሰው ጋር የማይገጥም ጊታር ይዟል። ለምን እንደማይገጥም ግን አያውቅም። ጥጋብ ጥጋብ ባለው ቀን "ኪቦርዱ ነው የተሳሳተው" ይላል፤ በሌላው ቀን ደግሞ "እኔ ነኝ" ይላል።

ይኼው "እኔ ነኝ" ሠላሳ ሦስት ዓመት ጊታሩን አስደበቀው፤ ሱቅ ከከፈተ ወዲህም ቆርቆሮ አስጎተተው።

ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሱቁ ፊት አንድ ሚኒባስ ቆመ። አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ከባድ አምፕሊፋየር ተጋግዘው አወረዱ። ወጣቱ ብሩክ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ የሙዚቃ ቡድን ጊታር ተጫዋች ነው። ልጅቷ ቤተልሄም ትባላለች፤ ኪቦርድ ትጫወታለች። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት በከተማው አዳራሽ ዝግጅት አላቸው፤ ሰኞ ደግሞ ባቲ ይወርዳሉ። የጊታሩ አምፕሊፋየር መንገድ ላይ ዝም ብሏል።

"እንደምን አደራችሁ፣ ቁጭ በሉ" አለ ዘይኑ። ክዳኑን ፈታው፣ በቴስተሩ እዚህም እዚያም ነካካው። "መንገዱ ነው። ብየዳውን አራግፎታል።"

"ይድናል፣ ጋሼ?" አለ ብሩክ።

"ኢንሻአላህ። ካሳ ሳይጠይቅ ይድናል።"

በግማሽ ሰዓት በየደው። መብራቱ በራ። "በሉ እንግዲህ ጊታር አምጡና እንሞክረው" አለ።

"ጊታሩ አዳራሽ ቀርቷል" አለች ቤተልሄም።

ያን ጊዜ ግድግዳው ተናገረ። "የራሱ አለው!" አለ ባንተይርጋ ከማዶ። "ከመደርደሪያው ኋላ፣ በጋቢ የተጠቀለለ። አውጣ በለው ልጄ፣ እፍረት ይዞት ነው።"

ወጣቶቹ ቆርቆሮውን አዩ፤ ከዚያ ዘይኑን አዩ። ዘይኑ የሚገባበት አጣ። ጊታሩን አወጣው። ከአሮጌ ስልክ ማዳመጫ ማግኔት የሠራለት ድምፅ መቀበያ ሆዱ ላይ ተለጥፏል። ገመዱን ሰካ። አሳቡ አንዲት ክር መትቶ ሊያቆም ነበር። ነገር ግን ጊታሩ በዕድሜው ሙሉ በሹክሹክታ የኖረ ነውና፣ ያች አንዲት ድምፅ ሱቁን ሞልታ ወደ አስፋልቱ ስትፈስ ዘይኑ ራሱ ደነገጠ፤ ደንግጦም ጣቶቹ ቀጠሉ። አንዱን መስመር ተጫወተ፣ ደገመው፣ ሦስተኛውን አወረደ። እጁን አነሣ። ከማዶ መቀሱ ኳ፣ ኳ አለ።

ብሩክ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ። "ጋሼ፣ ይኼን የት ተማሩት?"

"ከካሴት። ድሮ።"

"የማን ካሴት?"

"እንጃ። የካሴቱ ሰውዬ ነው የምለው። ባቲ ነው የሚጫወተው።"

ብሩክ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና ከፈተው። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፤ ከዚያ ሰውዬው ገባ። ዘይኑ አወቀው፤ ደግሞም አላወቀውም። ዜማው ራሱ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ወጣት ነው፤ ድምፁ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ፍየል ይፈጥናል፤ እንዲያውም የሚስቅ ይመስላል።

"ፍጥነቱን ጨምረህበታል?"

"አይ፣ ጋሼ። ሲቀዳም እንዲሁ ነው።"

ዘይኑ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሬዲዮ ጠጋኝ ነውና የሚያስረዳው ሰው አላስፈለገውም። ድንጋይ ሲደክም የቴፑ ሞተር ያዘግማል፤ ሞተሩ ሲያዘግም ድምፁ ይወፍራል፣ ይወርዳልም። "ዘፋኙ አይደለም ያዛጋው፣ ድንጋይህ ነው" እያለ ስንቱን ደንበኛ በዚህ ሱቅ አስቆ ሸኝቷል። ያን ነገር ግን ወደ ራሱ አዙሮት አያውቅም፤ የጥገና ሙያ ሲማር ካሴቱ ከተበላ ዓመታት አልፈው ነበር።

"ድንጋዩ ነው" አለ። "እኔ የተማርኩት ከሰውዬው አይደለም። ከደከመ ድንጋይ ነው፤ ጊታሬንም የቃኘሁት በዚያ በወረደው ድምፅ ነው።"

ነገሩን አንድ በአንድ ነገራቸው፤ ደሴንም ሳይቀር። ቤተልሄም እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ጋሼ ዘይኑ" አለ ብሩክ በመጨረሻ፣ "ዛሬ ከእኛ ጋር ይጫወቱ። ይኼን ራሱን።"

"ስሕተት ነው እኮ።"

"እኔ ይኼን ዘፈን አሥር ዓመት በትክክል ተጫውቼዋለሁ። በርታ የሚለኝ ብዙ ነው። እንደ እርስዎ አድርጌ ግን ማንንም ዝም አሰኝቼ አላውቅም።"

"አመሰግናለሁ፣ ልጄ። አምፕሊፋየራችሁ ድኗል። በሰላም ተጫወቱ" አለ ዘይኑ፤ ጊታሩን መልሶ በጋቢው ጠቀለለው።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሚስራ ፊቱን አይታ ውኃ ቀዳችለት። ባንተይርጋ በስልክ ቀድሞት ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ያልሰማች መስላ ግን እሱ እስኪነግራት ድረስ ጠበቀችው።

"ዕድሜ ልኬን ስሕተት ሳጠና ኖርኩ፣ ሚስራ።"

ሚስራ ጎመኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። "አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ የፋይዛ አባት። እማማ ረቢአ አላህ ይዘንላቸውና፣ 'ዱአ ይመስላል' ያሉህ የትኛውን ሰምተው ነው? በፈጠነው ነው ወይስ በአንተ?"

ዘይኑ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰ።

"ድንጋዩ ባይደክም ኖሮ እናትህ በዚያ በር ቆመው አይሰሙም ነበር" አለች። "ጅብ እንደሚያባርረው ሰው የሚሮጥን ዜማ ዱአ ይመስላል የሚል ማን አለ? ብላ አሁን። ብላና ሂድ። እኔም እማማ ሀዲጃን ይዤ እመጣለሁ።"

ሀዲጃ ጎረቤታቸው ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከረቢአ የሐሙስ ተቀባዮች ዛሬ በሕይወት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዘይኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጊታሩን በጋቢው ታቅፎ ወደ አዳራሹ ሄደ። ባንተይርጋ ከኋላው ተከተለው፤ የልብስ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ማውለቅ እንኳ ረስቷል። "አብሽር" ይለዋል አሁንም አሁንም። ይኼ የሙስሊሞቹ ማጽናኛ ቃል ከዘይኑ በልምድ የተጋባበት ነው። "አብሽር። ቢስቁብህ እኔ አለሁ፤ እኔ ላይ ይስቃሉ።"

ብሩክ ሲያየው ገመዱን አቀበለው። ቤተልሄም ኪቦርዷን ከፈተችና አንድ ድምፅ ሰጠችው። ዘይኑ ክሩን መታ።

ያው ነው። ጠርሙስ በምጣድ ላይ።

አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩ ወጣቶች ቀና አሉ። ዘይኑ ሃያ ዓመቱ ሆነ። ቀኝ እጁ ሳያዘው ወደ መጠምዘዣው ሄደ፤ ግራ ጉንጩ ከሽቦው አስቀድሞ ተቆጣ። አንድ ጠመዘዘ። ሽቦው ጢ... የሚል ቀጭን ድምፅ አሰማ።

"ቆይ ጋሼ፣ አይንኩት!" አለች ቤተልሄም።

እጁ ቆመ።

"ይኼ ሽቦ አይችልም። እኛ እንውረድ። ወደነበረበት ይመልሱት።" ከኪቦርዷ ጎን አንዲት ቁልፍ ፈልጋ መጫን ጀመረች። በተጫነች ቁጥር ኪቦርዱ በጥቂቱ እየወረደ ይሄዳል፤ በዓይን የሚታይ ቢሆን የአንዲት ፀጉር ውፍረት ያህል። "አሁንስ?"

"ገና ነው" አለ ዘይኑ።

"አሁንስ?"

"አለፈ መሰለኝ። ትንሽ መለስ። ሱታ።"

"ሱታ ማለት?"

"ቀስ።"

"እሺ፣ ሱታ" አለችና ጣቷን ቀስ አድርጋ ጫነች፤ ሁለቱ ድምፆች ውኃ ከውኃ ጋር እንደሚገናኝ ተገናኙ። ዘይኑ ክሩን ደግሞ መታው። ኪቦርዱ እዚያው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዓመት ከማንም ጋር ያልገጠመው ጊታር ገጠመ። ዘይኑ ዓይኑን ወደ ጣራው አደረገና "አልሐምዱሊላህ" አለ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ቤዝ ተጫዋቹም ክሩን አላላ። ብሩክም የራሱን ውድ ጊታር አላላና "ዛሬ የሁላችንም ድንጋይ ደክሟል" አለ። ሳቁ። ዘይኑም አብሮ ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ባጃጃቸውን በር ላይ ያቆሙ ወጣቶች፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ የገጠር ሰዎች። ሚስራና ሀዲጃ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቡድኑ ሁለት ፈጣን ዘፈን ተጫወተ፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ብሩክ ማይኩን ይዞ "ይኼን አምፕሊፋየር ዛሬ ጠዋት ከሞት ያስነሣ ሰው አለ፤ ዘፈንም ያውቃል" አለ። ሌላ አላለም።

ዘይኑ ወጣ። በአዳራሹ ውስጥ ሬዲዮ ያልጠገነለት ሰው ጥቂት ነው። "የኔ ፍላሽ የት ደረሰ?" አለ አንዱ ከመካከል፤ ሰው ሳቀ። ዘይኑ ዓይኑን ወደ ክሩ ጥሎ ጀመረ። ቃሉ የካሴቱ ሰውዬ አይደለም፤ ያኔ ያልገባውን ቋንቋ ትቶ ከራሱ ያበጀው ነው።

የባቲን ገበያ ለሰኞ ጓጉቼ፣

ጊታሩ ተቀበለው።

የባቲን ገበያ ለሰኞ ጓጉቼ፣

ጊታሩ ደግሞ ተቀበለው፤ የረቢአን አጎታተት ጎትቶ፣ ጎትቶ አወረደው። የገጠር ሰዎቹ ከግድግዳው ተላቀቁ።

ማክሰኞ ደረስኩኝ ሱታ ሱታ መጥቼ።

ከመካከል አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ውሎ የሚበተን ነውና፣ ማክሰኞ ለደረሰ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የሚያውቅ ሰው ሳቅ ነው። ሳቁ ግን የደሴው ዓይነት አልነበረም። ዘይኑ እጁን ከክሩ ላይ አነሣ። ባዶዋ ቦታ ደረሰች። ቡድኑ ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀምና ዝም አለ። አዳራሹም ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ ዘይኑ እዚህ ላይ የሚያቆም መሰለው።

ያን ጊዜ ባንተይርጋ ከፊት ወንበር ተነሥቶ አጨበጨበ። መቀሱን ሱቅ ትቶ መጥቷልና እጁ ግራ ገባው፤ አንዱን አስቀድሞ፣ አንዱን አዘግይቶ ነው የሚመታው።

"እንዲያ አይደለም፣ አንተ" የሚል የአሮጊት ድምፅ ከበሩ መጣ። ሀዲጃ ናቸው። "ረቢአን የምንቀበለው እንዲህ ነው።" መዳፋቸውን አገናኙ፤ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ሚስራ ተከተለቻቸው። ከዚያ ያ ረድፍ፣ ከዚያ የሚቀጥለው። ያን ጭብጨባ በዚህ አገር ያላደገበት ሰው የለም፤ ክርስቲያኑም በጎረቤት ቤት በኩል ያውቀዋል። ከበሮ ተጫዋቹ ጆሮውን ጣል አድርጎ ገባበት፣ ቤዙ ገባበት፣ ቤተልሄም ገባች። ዘይኑ ሁለተኛውን ስንኝ ሲያወጣ የሚቀበለው ጊታሩ ብቻ አልነበረም።

ትንሿ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ እምቢ አለችው። ከእሱ በቀር ያወቀ የለም። ከመነሻው እስከ መድረሻው ተጫወተው።

ሲጨርስ ሰው ፉጨቱንም እልልታውንም ለቀቀው። ዘይኑ ወንበሩን ተሸክሞ ሊወርድ ሲል ብሩክ ወንበሩን ተቀበለውና የካሴቱን ሰውዬ እውነተኛ ስም በጆሮው ነገረው። ዘይኑ ስሙን ሁለት ጊዜ በአፉ አለው፤ ከበድ ያለ የፈረንጅ ስም ነበር። "ደግ ሰው ነው" አለ። "አያቱ ግን የባቲ ነው።"

ቤተልሄም ኪቦርዷ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ትጽፋለች። ዘይኑ ጠጋ ብሎ አየ። የዛሬውን አወራረድ ማሽኑ እንዳይረሳው ስም ሰጥታ እያስቀመጠችው ነው። በትንሿ መስኮት ላይ "ከሚሴ" የሚል በላቲን ፊደል ተጽፏል።

"ሰኞ ባቲ ላይ ያስፈልገናል" አለች። "ይመጣሉ አይደል፣ ጋሼ?"

"ማክሰኞ ካልደረስኩ" አለ ዘይኑ።

ሰኞ በጊዜው ደረሰ፤ ማክሰኞ ተመልሶ ሱቁን ከፈተ። የተከማቸ ሥራ ነበርና እስከ ዐስር ሰላት ሲበይድ ዋለ። ሰግዶ ተመለሰ፣ በርጩማውን ሳበ፣ ጋቢውን ፈታ። ባንተይርጋ ከማዶ የመዝጊያውን ቆርቆሮ ድምፅ ጠበቀ። አልመጣም። አንገቱን በበሩ ብቅ አድርጎ ቢያይ፣ ሱቁ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ዘይኑ ጊታሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ክር ያስተካክላል።

"ምነው፣ ቆርቆሮውን ረሳኸው?"

"ይሞቃል" አለ ዘይኑ።

"ይኼ ሁሉ ዓመት አይሞቅም ነበር?"

"አሁን ነው የተሰማኝ። ሂድ፣ መቀስህን ያዝ።"